ዳኛ አይቆጠርም

የወጥ ቤቴ መስኮት ወደ ሜዳው ያያል። ቤቱን ሲሰጡን ባለቤቴ በረንዳ ስለሌለው ቅር ብሎት ነበር። እኔ ምግብ ስሠራ ደጅ ደጁን ማየት ስለምወድ ምንም አላልኩም። እዚህ ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሜዳው የኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ነው። በአዘቦት ቀን የትምህርት ቤት ልጆች ይሮጡበታል፤ በብርዱ ወራት በረዶ ተኝቶበት ይከርማል። በበጋ ግን በየሁለት ሳምንቱ እሁድ አይሪሾቹ ይጫወቱበት ነበር።

አይሪሾቹ እላቸዋለሁ እንጂ ግማሾቹ ስዊድኖች ነበሩ፤ ከሌላ አገር የመጡም ነበሩባቸው። ኳሱ ግን የአየርላንድ ነው፤ ጌሊክ ፉትቦል ይሉታል። በእጅም ይይዙታል፣ በእግርም ይመቱታል። ኳሱን ይዞ መሮጥ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በየጥቂት እርምጃው መሬት ላይ ማንጠር ወይም በእግር ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ እጅ መመለስ ግድ ነው። ጎሉ እንደማንኛውም ጎል መረብ አለው፤ ሁለቱ ቋሚዎች ግን ከአግዳሚው አልፈው ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። ኳሱ መረብ ውስጥ ከገባ ሦስት ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በላይ፣ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈ አንድ ነጥብ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ በጋ ፈጅቶብኛል፤ ማንንም ስላልጠየቅሁ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሻዩን ይዞ በመስኮቱ አጠገብ ይቆምና፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ኳስ ነው፣ በእጃቸው ታቅፈው ሲሮጡ ዳኛው ዝም ይላቸዋል ይል ነበር። ለእሱ ኳስ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ካረፈ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ከመስኮቱ ብቻዬን አየሁ። የሜዳው ድምፅ በመስተዋቱ ውስጥ ተጣርቶ ስለሚመጣ፣ ሰዎቹ የሚጮኹት ዘግይተው ይመስል ነበር።

እሁድ ረጅም ቀን ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰዉ በበሩ ላይ ጥቂት ይቆምና ወደየቤተሰቡ ይበተናል። ልጄ ያለችው ሶለንቱና ነው፤ በፔንደልቶግ፣ በከተማ ባቡሩ፣ ቅርብ ነው። ግን ሁለት ልጆች አሏት፤ እሁድ አንዱን ወደ ዋና፣ ሌላውን ወደ ጂምናስቲክ ታደርሳለች። እማዬ ልምጣ ወይ ስትለኝ አይ፣ አትድከሚ እላታለሁ። እሺ ትላለች። ስልኩን ስዘጋ ከሰዓት በኋላው እንዳለ ይጠብቀኛል። ከእነዚህ እሁዶች በአንዱ ነው ካፖርቴን ደርቤ ወደ ሜዳው የወረድኩት።

በዚያን ጊዜ ተመልካች ነበረ። በሜዳው አንድ ወገን ያሉት የእንጨት ወንበሮች ይሞሉና የተረፈው ሳሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ አሉ፤ ቋሊማ የሚጠብሱ አሉ። ከመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላየኝም፤ እኔም እንዲያዩኝ አልፈለግሁም።

ኳሶቹንና ባንዲራዎቹን የሚጠብቁ አንድ አይሪሽ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለግንባታ ሥራ መጥተው፣ እዚህ አርጅተው፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ይባባላል፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እላቸው ነበር፣ እዚህም ስጽፍ እንዲሁ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩ ቀን ነፋስ ነበረ። ሰውየው ፔርሙሳቸውን ይዘው መጡና ሻይ ልቅዳልዎት ወይ አሉኝ። አይ፣ አመሰግናለሁ አልኩ። ሄዱ ብዬ ቀና ስል ኩባያውን እንደያዙ ቆመዋል። ትንሽ ብቻ፣ ብርድ ነው አሉ። ለእርስዎ ይሁን፣ እኔ አልበረደኝም አልኩ፤ እጄን እጅጌዬ ውስጥ እንዳስገባሁ።

«እንግዲህ ቀድቼዋለሁ» አሉ። «ሳሩ ላይ ልድፋው?»

ተቀበልኩ። ወተት ገብቶበትም የጠቆረ ሻይ ነበር።

እኔ ባደግሁበት ቤት የመጀመሪያው አይሆንም መልስ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሰው እውነተኛ መልሱን የሚሰጠው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ እስከ ሦስት ይጠይቃል፣ ባስፈለገ ጊዜም በሞቴ ይላል። ስዊድኖች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁት። ከዓመታት በፊት ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ ገበያ በመኪናዬ ልውሰድሽ አለችኝ። አይ፣ አላስቸግርሽም አልኩ። ፈገግ ብላ እሺ አለችና ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ቃሌን አክብራ ነው። እስከ ዛሬ በአውቶቡስ ነው ዕቃ የማመላልሰው። ይህን ለአይሪሹ ስነግራቸው ሳቁ። በእኛም አገር እንዲሁ ነው አሉ፤ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያለ ሰው እናቱ አላሳደገችውም ይባላል። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ በየጨዋታው ሻይ መጣ፣ በየጨዋታውም ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ። ፍልሰታ ሲገባ ወተት እንደማልጠጣ ነገርኳቸው፤ ለምን አላሉም። በሚቀጥለው ጨዋታ ሁለት ፔርሙስ ይዘው መጡ፣ አንዱ ያለ ወተት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ልክ ከእረፍቱ በፊት ከወንበራቸው ይነሱና ተመልካቹን በአገጫቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። ለማንም ሪፖርት አያደርጉም፣ የትም አይጽፉም፤ ለእኔ ብቻ ይነግሩኛል። እኔም ከጎናቸው ሆኜ እንደ ጸሎት በአውራ ጣቴ የጣቶቼን አንጓ እየነካሁ እቆጥር ነበር። አንዳንዴ በአንድ እንለያያለን። የተለያየንበት ሰው ብዙ ጊዜ ውሻ ይዞ የሚያልፍ መንገደኛ ነው፤ እሳቸው ከቆመ ይቆጠራል ይላሉ፣ እኔ ካልተቀመጠ አይቆጠርም እላለሁ።

ቁጥሩ በየበጋው ወረደ። አንድ ቀን የሆነ ነገር ሆኖ አይደለም። ልጆች ያሏቸው ወደ ራቅ ያለ ሰፈር ሄዱ፤ ወጣቶቹ የአገራቸውን ትልልቅ ጨዋታዎች በስልክ ማየት ስለቻሉ የኛን ትንሽ ጨዋታ ለማየት ከቤት መውጣት ተዉ። ቋሊማ የሚጠብሱትም አንድ በጋ ቀሩና በዚያው ቀሩ። አንድ ዝናባማ እሁድ ሰውየው ቆጥረው ተቀመጡና «ከውሻው ጋር አሥራ አራት» አሉኝ። በዚያ ቀን አልተከራከርኩም።

የውድድሩ አሠራርም ተለዋወጠ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኝ ነበር፤ አንዴ በዚህ ሜዳ፣ አንዴ በእነሱ። በጋውን ሙሉ ተዘርግቶ የሚሄድ ነገር ነበር። ቀጥሎ ተጫዋች አነሰና በየቡድኑ የሚሰለፉትን ቀነሱ። ቀጥሎ በምድብ ከፋፈሏቸውና አንድ ጊዜ ብቻ መገናኘት ሆነ። በመጨረሻ ሁሉም ቡድኖች በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ አጫጭር ጨዋታዎችን በላይ በላዩ ተጫውተው ቢጨርሱትስ የሚል ሐሳብ መጣ። በሜዳው ዳር ቆመው ሲነጋገሩበት ሰምቻለሁ። ለዚያ የሚሟገቱት እውነት አላቸው፤ ጉዞው በዝቷል፣ ሰው ሥራና ልጅ አለው፣ በአንድ ቀን ብዙ መጫወት ይቻላል። ሽማግሌው ብቻ ተቃወሙ። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ማን ይጠብቀዋል አሉ። አንዷ ወጣት አሁንም የሚጠብቀው የለም እኮ አለቻቸው፣ በክፋት አይደለም። ሰውየው ወደ ወንበሮቹ ዞር ሲሉ አዩኝ። እኔም ወደ ሜዳው አየሁ።

ያቺ ወጣት የሴቶቹ ቡድን አምበል ነበረች። እናቷም አባቷም የኛ ሰዎች ናቸው፤ ያደገችው ሁስቢ ነው። ይህን ኳስ የተማረችው ከአይሪሽ ጓደኛዋ ጋር ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው፣ እንደ ልጅ ልጆቼ። ለእኔ ያላት አንድ የአማርኛ ቃል እማማ ነበረ። እማማ ብላ ትጀምርና የቀረውን በስዊድንኛ ትጨርሰዋለች። በሜዳው ላይ ጠንካራ ናት፤ ስትሮጥ ጉልበቷ ከፍ ከፍ ይላል፣ ከሩቅ የመምታት ችሎታዋም የታወቀ ነው።

ተመልካቹ ሲጠፋ የጠፋው ጭብጨባ ብቻ አይደለም። በዚህ ጨዋታ በእያንዳንዱ ጎል በሁለቱ ቋሚዎች አጠገብ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት የጎል ዳኞች ይቆማሉ። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ካለፈ ነጭ ባንዲራ፣ መረብ ውስጥ ከገባ አረንጓዴ ባንዲራ ያነሳሉ። ወደ ውጭ ከወጣ ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያጣምራሉ። አራቱም የሚመረጡት ከተመልካቹ መካከል ነበር። አንድ እሁድ ሦስት ብቻ ተገኙ። ሰውየው ጋዋኑን ይዘው መጡ። እኔ ምን አውቄ አልኩ። ከማንም በላይ ያውቃሉ አሉ። እግሬን ያመኛል አልኩ። ቆሞ መዋል ብቻ ነው አሉ። ወንድ የለም እንዴ አልኩ። ጋዋኑን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

ብዙ ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት ስሠራ ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ቁልፎቹን ማንም ሳያሳየኝ ነው የቆለፍኳቸው። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ነጭ፣ አንድ ጊዜ አረንጓዴ አነሳሁ። ባንዲራውን ሳነሳ ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ያያል። ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። ከእረፍቱ በፊት ሰውየው ቆጠሩና ወደ እኔ መጡ።

«አንድ ሰው ጎደለን» አሉ።

ማን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«እርስዎ ነዎት። ዳኛ አይቆጠርም።»

በዚያው መስከረም ሰውየው አገራቸው ገቡ። እህታቸው ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ሆና ነበር። ጋዋኑን፣ ሁለቱን ባንዲራዎች፣ ያለ ወተት የሆነውንም ፔርሙስ ሰጡኝ። ፔርሙሱን ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬ ተቀበልኩ። በጣቢያው መተላለፊያ ላይ ተጨባበጥንና ባቡራቸው መጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ፖስትካርድ ልከውልኛል፤ ከቤታቸው አጠገብ ያለ ሜዳ ፎቶ ነው፣ ሰው የለበትም። ከጀርባው ጤንነታቸውን ጽፈዋል። መልስ ጻፍኩላቸው። ስለ ጤና ከጻፍኩ በኋላ ምን እንደምጨምር ስላላወቅሁ የሜዳውን ሣር ሁኔታ ጻፍኩ።

የሚቀጥለው በጋ የመጨረሻው ሆነ። የአንድ ቀኑ አሠራር በድምፅ ብልጫ አልፎ ነበር፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሁሉም ነገር ወደ ደቡብ በአውቶቡስ ብዙ ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ይሆናል። በዚህ ሜዳ የሚቀረው የሴቶቹ ግማሽ ፍጻሜ ብቻ ነበር። የኛዎቹ ካለፉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍጻሜው እዚሁ ይደረጋል። ካላለፉ ያ ቀን የመጨረሻው ነው። እኔ የምፈልገው ዋንጫ አልነበረም። ያቺን አንድ እሁድ ነበር የምፈልገው። ለማንም አልነገርኩም፤ በዚያ ጠዋት ግን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ ሐሳቤ ሄዶ ሄዶ ሜዳው ላይ ሲያርፍ ራሴን ታዘብኩ።

ተመልካቹን ከእረፍቱ በፊት ቆጠርኩ። ሰባት ነበሩ። ከእንግዳው ቡድን ጋር የመጡትን ጨምሮ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ የኛዎቹ ወደ እኔ ጎል ያጠቁ ነበር። እኔ በቀኙ ቋሚ ቆሜያለሁ፤ በግራው ቋሚ ከእንግዳው ቡድን የመጣች አንዲት ልጅ ቆማለች፣ ጋዋኑ ሰፍቷት እጅጌውን ጠቅልላዋለች። የኛ ቡድን በምድቡ አንደኛ ስለነበረ እኩል ከወጡም ያልፋሉ ተብሏል። ጨዋታው ሊያበቃ ሲል እንግዳዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩን ነበር። የመሀል ዳኛው ሰዓቱን አየ። በዚያው ቅጽበት አምበሏ ከሩቅ፣ ከቀኝ በኩል ኳሱን ተቀበለችና መታችው።

ኳሱ በጣም ከፍ አለ። ከቋሚው ጫፍ በላይ ሆኖ ነው የመጣው። እንደዚያ ሲሆን ቋሚው ወደ ሰማይ ቢቀጥል ኖሮ ኳሱ ከውስጥ ያልፍ ነበር ወይስ ከውጭ ተብሎ ይፈረዳል፤ ያንን ማየት የሚችለው ከሥሩ የቆመ ሰው ብቻ ነው። አንገቴን አቀናሁ። ኳሱ ከአናቴ በላይ ሲያልፍ ከቋሚው በስተውጭ ነበረ። አንድ ስንዝር ይሆናል። ከዚያ አይበልጥም። ግን ውጭ ነበረ።

ከኋላዬ አጥሩ ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። የኛዎቹ ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ነበር፤ ከሜዳው መካከል ሲታይ የገባ ይመስላል። የመሀል ዳኛው እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የግራዋን ልጅ ጠየቃት። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበር፣ አላየሁትም አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነጩ ባንዲራ በቀኝ እጄ ነበረ። ባነሳው የሚከራከረኝ አልነበረም። የእንግዳዎቹ ልጆች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

አምበሏ እየተነፈሰች ቀረበችና «እማማ?» አለች።

«ወጥቷል» አልኩ በአማርኛ። ከዚያ ባንዲራውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ሁለት እጄን ከራሴ በላይ አጣመርኩ።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ይህን መጻፍ አለብኝ። ከልጆቹ አንዷ አለቀሰች፣ ሌሎቹ አቀፏት፤ ከዚያ ሁሉም ከእንግዳዎቹ ጋር ተጨባበጡ። እኔ ባንዲራዎቹን ጠቀለልኩ። ቋሚውን ተደግፌ ቆየሁ። ሰዉ ሲበተን አምበሏ የማዕዘን ምልክቶቹን እየለቀመች ወደ እኔ መጣች። ፊቷን ታጥባ ነበር።

ጥሩ ምት ነበረ አልኳት። ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይገባ ነበር አለችና ሳቅ አለች። ከዚያ በስዊድንኛ፣ እማማ፣ በጸደይ ወደ ውድድሩ በአውቶቡስ ስንሄድ የጎል ዳኛ ያስፈልገናል፣ ከእኛ ጋር ይመጣሉ ወይ አለችኝ።

አይ ልጄ፣ እኔ አሮጊት ምን አደርግላችኋለሁ፣ ሸክም ነው የምሆንባችሁ አልኳት።

ይህን ስል ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። ለሁለተኛው የምለውን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር፤ እግሬን ያመኛል ልላት ነበር። ስዊድናዊት ብትሆን አልጠብቅም ነበር። ፊቷ ግን የኛ ፊት ነው፤ እማማ ነው የምትለኝ። እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ ይገባኛል» አለች። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ።»

የማዕዘን ምልክቶቹን በክንዷ ታቅፋ ወደ መኪናው ሄደች። በመኪናው በር ላይ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩ። ጋዋኑን እንደለበስኩ መሆኔን ያወቅሁት ሊፍት ውስጥ መስታወት ሳይ ነው።

ያ ክረምት እንደሌሎቹ ነበር። በጥቅምት ቀኑ ያጥራል፤ በኅዳር ከሰዓት በኋላ መብራት ይበራል። ልጄ በገና መጣች፤ ልጆቹ አድገዋል፣ ትንሹ በበሩ መቃን ላይ ቆሞ ከእኔ ጋር ቁመት ተለካካ። በረዶው ሜዳውን ሸፈነው፤ ቋሚዎቹ ብቻ ወጥተው ይታዩ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምግብ አሞቅና በመስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። አምበሏ ስልኬን ታውቃለች፣ ትደውል ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። ለምን ትደውላለች? ጠይቃኛለች፣ መልሻለሁ። ጥፋቷ ምን እንደሆነ ስፈልግ አላገኘሁም። ልጄም ልምጣ ወይ ስትለኝ በዚህ ዓይነት ስንት እሁድ እንዳለፈ ያሰብኩት በዚያ ክረምት ነው። አስቤ ተውኩት።

በመጋቢት መጨረሻ በረዶው ቀለጠና በየማክሰኞው ምሽት ልምምድ ጀመሩ። ጋዋኑ የክበቡ ንብረት ነው፤ መመለስ ነበረበት። በትቬትስቱጋው፣ በሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ የተመደበልኝ ሰዓት ሐሙስ ነበር። ጋዋኑን ለብቻው አጠብኩት፤ ክርኑ ላይ የሣር እድፍ ስለነበረው ሁለት ጊዜ። ተኮስኩት፣ አጠፍኩት፣ ባንዲራዎቹን በላዩ አድርጌ በከረጢት ከተትኩት። ማክሰኞ ወረድኩ።

ልጆቹ እየሮጡ ነበር። ወንበሮቹ እርጥብ ስለነበሩ ቆሜ ጠበቅሁ። አምበሏ ስታየኝ ከሩጫው ወጥታ መጣች። እማማ፣ ደህና ነዎት ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ፣ ይህን ላመጣ ነው አልኳትና ከረጢቱን ሰጠኋት። ከፍታ አየችው። ተኩሰውታል እንዴ፣ እኛ እኮ ተኩሰነው አናውቅም አለች። ከዚያ አመሰገነችኝና ወደ ኋላ ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች፤ እየጠበቋት ነበር። ቀጥሎ የምትለው ቻው እንደሆነ ታወቀኝ።

እኔ በሕይወቴ ሳልጠየቅ እሺ ብዬ አላውቅም። በስደት ሱዳን ሳለን እንኳ፣ በመጠለያው ውኃ ሲታደል፣ እስኪጠሩኝ እጠብቅ ነበር።

«አውቶቡሱ የሚነሳው ከየት ነው?» አልኳት።

ወዲያው አልገባትም። የቱ አውቶቡስ አለች፣ ከዚያ ቆም አለች። እርስዎ አልመጣም ብለው አልነበር ወይ አለችኝ።

«ብዬ ነበር» አልኩ።

ልጅቷ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከረጢቱን መለሰችልኝና፣ ይህን ያህል ዓመት ስሰማት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃላቱን እየፈለገች በአማርኛ መለሰችልኝ።

«ከጣቢያው። ቅዳሜ። በጠዋት።»

እንግዲህ ሄጃለሁ። ሊነጋ ሲል ተነስተን እዚያ ከተማ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። በአውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ ሙዚቃ እየሰሙ ተኙ፤ እኔ በፊተኛው ወንበር፣ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ቦርሳዬን ከጎኔ አድርጌ መንገዱን አየሁ። ጾም ስለነበረ ምሳዬን ይዤ ነበር። ሻዩን በሽማግሌው ፔርሙስ ነው የያዝኩት፤ አምበሏ በመንገድ ላይ ስትነቃ ቀዳሁላት። እሺ ብላ በመጀመሪያው ጥያቄ ተቀበለች።

ሜዳው አራት ነበር፣ ጎን ለጎን። በአራቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ጨዋታዎቹ አጭር ናቸው፤ አንዱ ሳይገባኝ ያልቅና ሌላው ይጀመራል። ወንበር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለተመልካች አላሰቡም፤ ተራ የሚጠብቁት ቡድኖች ሣሩ ላይ ተኝተው ስልካቸውን ያያሉ። ጋዋኔን ለብሼ ቀኑን ሙሉ ቆምኩ። የኛዎቹ ሲጨርሱ ሌሎች ዳኛ አነሰን ብለው መጡና ለማላውቃቸው ልጆችም ቆምኩ። እነሱም የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። በአንዱ ጨዋታ እረፍት ሊሆን ሲል፣ ኳሱ ወደ ሌላው ጎል በሄደበት ጊዜ፣ በልማድ ዞር ብዬ የሜዳውን ዳር በአውራ ጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የሚጫወቱትን ተውኩ። ተራ የሚጠብቁትንም ተውኩ፤ እነሱ የሚያዩት ስልክ ነው። ጣቴ የመጀመሪያው አንጓ ላይ ቆመ። እዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ጨዋታ ለማየት የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ዳኛ ነኝ።

ኳሱ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። ማን እንደመታው አላወቅሁም። ከአግዳሚው በላይ፣ በመካከል አለፈ። ነጩን ባንዲራ አነሳሁ።